የሆኪ ዓለም ዋንጫ ታሪክ ለግድግዳ ሰሌዳ፦ የትኛው ትክክል ነው? ሜዳውስ ለገና ዱላ እንዴት ይሰመራል?

ማራኪ ዳገት (ጠያቂ)

እንደምን ከረማችሁ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እዚህ ጎንደር አንድ የትምህርት ቤት ስፖርት ክበብ ለገና ሰሞን የሚሰቀል የግድግዳ ሰሌዳ እያዘጋጀ ነው። ርዕሱ የሜዳ ሆኪ የዓለም ዋንጫ ታሪክ ነው። ገና ሲመታ ላደገ ልጅ ቆልማማ ዱላና ትንሽ ኳስ እንግዳ አይሆኑበትም ተብሎ ነው የተመረጠው። ሰሌዳው ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ስለሆነ ብዙ አይጻፍበትም፤ የሚጻፈው ግን እያንዳንዱ መስመር እውነት እንዲሆን እንፈልጋለን።

እስካሁን በረቂቁ የሰፈሩት አራት ዓረፍተ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ «የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በ1971 ፓኪስታን ውስጥ ተካሄደ።» «ዋንጫውን አዘጋጇ ፓኪስታን ወሰደች።» «ህንድና ፓኪስታን ሰው ሠራሽ ሣር ሲመጣ ጠፉ።» «አፍሪካ ከዚህ ውድድር ውጭ ናት።» የቱ ይቅር? የቱ ይስተካከል?

ሌላው ጥያቄ፦ ሰሌዳው በሚመረቅበት ቀን በእግር ኳሱ ሜዳ ላይ በገና ዱላ የሆኪ ማሳያ ጨዋታ ይኖራል። ሜዳው ጠጠር ያለበት ደረቅ አፈር ነው። በእጅ ያለው ባለ 50 ሜትር ቴፕ፣ ገመድና ኖራ ነው። መስመሩ እንዴት ይሰመር? ገና የለመዱ ልጆች ሆኪ ሲጫወቱስ የሚቸገሩት የት ላይ ነው?

ሩር አሳዳጅ

ሰላም ማራኪ ዳገት። አራቱም ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ መሰቀል የለባቸውም። ከሁሉም በፊት ግን የዘመን አቆጣጠሩን አስተካክሉ። «በ1971» ብላችሁ ብቻ ከተዋችሁት፣ ሰሌዳው ፊት የሚቆም ሰው የደርግን ዘመን ነው የሚያስበው። የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው ከጥቅምት 4 እስከ 13 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው፤ ጃንሆይ በዙፋን ላይ ነበሩ። በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 15 እስከ 24 ቀን 1971 መሆኑ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱ በሁሉም ዓመት ላይ 8 ብቻ እየቀነሳችሁ አትሂዱ፤ ከመስከረም አንድ ወዲህ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የሚቀነሰው 7 ነው። ለምሳሌ የ1975ቱ ፍጻሜ ማርች 15 ስለነበር መጋቢት 6 ቀን 1967 ዓ.ም. ይሆናል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ ቦታው ልምጣ። ሐሳቡ የፓኪስታን ነበር። ያመነጩት የፓኪስታን ሆኪ ፌዴሬሽንን ይመሩ የነበሩት ኤር ማርሻል ኑር ካን ናቸው። ዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽን ምክር ቤት በኤፕሪል 12 ቀን 1970 ብራስልስ ላይ ተቀብሎ አጸደቀው፤ የመጀመሪያው ውድድርም በ1971 ፓኪስታን ላይ እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ህንድና ፓኪስታን ጦር ከተማዘዙ ገና ስድስት ዓመታቸው ስለነበር፣ የህንድ ቡድን መጥቶ ይጫወታል ሲባል ፓኪስታን ውስጥ ጠንካራ ተቃውሞ ተነሣ። በማርች 1971 ደግሞ የዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን፣ ጦርነት ውስጥ ገባች። ፌዴሬሽኑ ውድድሩን ወደ ስፔን አዛወረው፤ ባርሴሎና፣ ሪያል ክለብ ደ ፖሎ።

አሥር ቡድኖች ተሰለፉ። ፓኪስታን በግማሽ ፍጻሜ ህንድን 2 ለ 1፣ በፍጻሜው ባለሜዳዋን ስፔንን 1 ለ 0 አሸነፈች። ስለዚህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «አዘጋጇ» የሚለውን ቃል ጥሎ ነው መቆም ያለበት። ፓኪስታን የዓለም ዋንጫን ያስተናገደችው ከ19 ዓመት በኋላ በ1990 ላሆር ላይ ነው፤ ያን ጊዜ በፍጻሜው በኔዘርላንድስ 3 ለ 1 ተሸነፈች። መስተንግዶው ሲነጠቃት አሸነፈች፣ ሲሰጣት ተሸነፈች። ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ብታደርጓቸው ልጆች አይረሱትም።

ለሥዕሉ ደግሞ ዋንጫውን ሣሉት። የነደፈው ባሺር ሙጂድ ነው፤ የሠራው የፓኪስታን ጦር ነው። የአበባ ፈርጥ ያለው የብር ጽዋ ላይ የወርቅና የብር ሉል ተቀምጧል፣ ከሉሉ በላይ ትንሽ የሆኪ ዱላና ኳስ አለ። ጠቅላላ ክብደቱ 11,560 ግራም ነው፦ 895 ግራም ወርቅ፣ 6,815 ግራም ብር፣ 350 ግራም የዝሆን ጥርስ፣ 3,500 ግራም ቲክ የሚባለው እንጨት። ጦርነቱ በፈነዳበት ሳምንት፣ ማርች 27 ቀን 1971፣ ቤልጅየም የነበሩት የፓኪስታን አምባሳደር ለፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ለረኔ ፍራንክ ብራስልስ ላይ አስረከቡት። ዋንጫው ከአገሩ ወጣ፣ ውድድሩም ተከተለው።

የወንዶቹን አሸናፊዎች በቅደም ተከተል ላስቀምጥ፦ 1971 ፓኪስታን፣ 1973 ኔዘርላንድስ፣ 1975 ህንድ፣ 1978 እና 1982 ፓኪስታን፣ 1986 አውስትራሊያ፣ 1990 ኔዘርላንድስ፣ 1994 ፓኪስታን፣ 1998 ኔዘርላንድስ፣ 2002 እና 2006 ጀርመን፣ 2010 እና 2014 አውስትራሊያ፣ 2018 ቤልጅየም፣ 2023 ጀርመን። ሲደመር ፓኪስታን 4፣ ኔዘርላንድስ፣ አውስትራሊያና ጀርመን 3፣ 3፣ 3፣ ህንድና ቤልጅየም አንዳንድ። ክፍተቱ በመጀመሪያ ሁለት ዓመት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከ1978 ወዲህ አራት ዓመት ሆኗል፤ 2018ን ብቻ አምስት ዓመት ተከትሎታል። ይህንን በግልጽ ካልጻፋችሁ «2022 የት ሄደ?» የሚል ልጅ አይጠፋም። 2022 የሴቶቹ ነው።

ጃን ተከል ጥላ

ሩር አሳዳጅ በደንብ ስለጀመረው እኔ ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ብቻ እይዛለሁ። በየቦታው የሚደገም አባባል ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት።

እውነት የሆነውን ግማሽ ልናገር። ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆኪን በሰው ሠራሽ ሣር ያጫወተው በ1976 ሞንትሪያል ላይ ነው። ህንድ ከ1928 ጀምሮ ያለ ሜዳሊያ ተመልሳ አታውቅም ነበር፤ ያን ዓመት ሰባተኛ ወጣች፣ ወርቁን ኒውዚላንድ ወሰደች። በ1986ቱ የለንደን የዓለም ዋንጫ ደግሞ ከ12 ቡድኖች ፓኪስታን 11ኛ፣ ህንድ 12ኛ ሆኑ። እነዚህን ሁለት ውድድሮች ብቻ ያየ ሰው ያንን ዓረፍተ ነገር ይጽፋል።

ግን በመሐሉ ፓኪስታን የ1984ቱን የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ወርቅ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ወሰደች። በ1994 ሲድኒ ላይም አራተኛውን የዓለም ዋንጫ ያነሣችው በዚያው ዓይነት ሜዳ ነው። ህንድም ቢሆን በቶኪዮና በፓሪስ ኦሎምፒኮች ተከታታይ ነሐስ አግኝታለች፤ የዓለም ዋንጫውን በ1982፣ በ2010፣ በ2018 እና በ2023 አስተናግዳለች። «ጠፉ» የሚለው ቃል ይውጣ። ከሁለቱ ይበልጥ የተጎዳችው ፓኪስታን ናት፤ በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ ማጣሪያውን ሳታልፍ ቀረች፣ በ2023ም አልነበረችም።

ሣሩ የለወጠውን ነገር በትክክል ካስረዳችሁ ሰሌዳው ዋጋ ይኖረዋል። በተፈጥሮ ሣር ላይ ኳስ ይነጥራል፤ ከሩቅ የመጣን ኳስ በአንድ ንክኪ ማቆም አይታመንም። ስለዚህ ኳሱን ከዱላ ሳይለዩ፣ በእጅ አንጓ እያዟዟሩ፣ በአጭር ቅብብል መሄድ ያዋጣ ነበር። የህንድና የፓኪስታን ጥበብ ይኸው ነው። በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ኳሱ እንደ ጠረጴዛ ላይ ይንከባለላል። ረጅም ምት ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል፣ ተቀባዩም በአንድ ንክኪ ያቆመዋል፤ ጨዋታው ወደ ፍጥነትና ወደ ሳንባ አዘነበለ። ሌላው ገንዘብ ነው። ሣር ላይ የሚጫወት ልጅ በሺህ የሚቆጠርበት አገር፣ ውድ የሆነውን ሜዳ በየከተማው ማንጠፍ ካልቻለ፣ ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው በማያውቀው ወለል ላይ ይፈተናል። በኔ ግምት ከሣሩ ይበልጥ የጎዳው ይህ ነው።

ሕጎቹም አብረው ተለወጡ። በ1990ዎቹ ኦፍሳይድ ቀረ። ፔናሊቲ ኮርነር (ለጥፋት የሚሰጥ፣ ኳሱ ከግቡ ጎን ካለው መስመር ተቀብሎ የሚመታ የቅጣት ምት) ደግሞ ጎል ማምረቻ ሆነ፤ ለስላሳ ወለል ላይ ኳሱ ሳይዘል ስለሚቆም፣ መቺው በዱላው እየጎተተ ወርውሮ ከግቡ ጥግ ያስገባዋል። ድራግ ፍሊክ የሚባለው ነው። የፓኪስታኑ ሶሃይል አባስ በዋናነት በዚህ ምት 348 ዓለም አቀፍ ጎሎች አግብቷል። የ2023ቱን ግማሽ ፍጻሜ ጀርመን አውስትራሊያን 4 ለ 3 ስታሸንፍ ጎንሳሎ ፔያት ብቻውን ሦስት አገባ፤ ይህ ተጫዋች በ2016 ለአርጀንቲና ተሰልፎ የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደ ነው።

ስለዚህ በአሸናፊዎቹ ሰንጠረዥ ላይ «ከእግር በታች» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ። ሣር፣ ከዚያ ሰው ሠራሽ፣ ከዚያ ከጨዋታ በፊት ውኃ የሚጠጣ ሰው ሠራሽ። ከ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ወዲህ ደግሞ ሰማያዊ ወለልና ቢጫ ኳስ። አሁን ውኃ የማይፈልግ ወለል እየተሠራ ነው። ይህን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ያነበበ ልጅ ዋንጫው ከእስያ ወደ አውሮፓና ወደ አውስትራሊያ ለምን እንደሄደ ራሱ ይደርስበታል።

ማራኪ ዳገት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። «ከእግር በታች» የሚለው ዓምድ ገብቷል። አራተኛው ዓረፍተ ነገር፣ የአፍሪካው፣ ገና አልተነካም። ሴቶቹስ? ለብቻቸው ዓምድ ይሠራላቸው ወይስ ከወንዶቹ ጋር?

አንገረብ ማዶ

የአፍሪካውን ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ሰርዙት። በዚያ በባርሴሎናው የመጀመሪያ ውድድር ኬንያ አራተኛ ወጥታለች። ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ በስፔን 1 ለ 0 ተሸነፈች፤ ለነሐስ ከህንድ ጋር ተጫውታም 2 ለ 1 ተረታች። በሁለቱም ጨዋታ ልዩነቱ አንዳንድ ጎል ብቻ ነው፣ ያውም ሁለተኛው ከ1928 ጀምሮ ኦሎምፒክን ስትገዛ ከኖረች አገር ጋር። ምዕራብ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስና አውስትራሊያ ያን ዓመት ከኬንያ በታች ናቸው። ጎረቤታችን ናትና ይህ መስመር በትልቅ ፊደል ይጻፍ። የዚያ ዘመን ኬንያ ስም አቭታር ሲንግ ሶሃል ነው፤ የኋላ መስመር ተጫዋች፣ በ1964፣ በ1968 እና በ1972 ኦሎምፒኮች የኬንያ አምበል። ጋናም በ1975 ኩዋላ ላምፑር ላይ ነበረች። ከ1994 ወዲህ አህጉሩን በአብዛኛው የምትወክለው ደቡብ አፍሪካ ናት።

ሴቶቹ ለብቻቸው ይጻፉ፣ ግን በእኩል ስፋት። የነሱ የዓለም ዋንጫ በ1974 ፈረንሳይ፣ ማንደሊዮ ላይ ተጀመረ፤ በፍጻሜው ኔዘርላንድስ አርጀንቲናን 1 ለ 0 አሸነፈች። በ2022 በተደረገው ፍጻሜም የተገናኙት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፣ ኔዘርላንድስ 3 ለ 1። ኔዘርላንድስ 9 ጊዜ ወስዳለች፦ 1974፣ 1978፣ 1983፣ 1986፣ 1990፣ 2006፣ 2014፣ 2018፣ 2022። የቀሩትን ምዕራብ ጀርመን (1976፣ 1981)፣ አውስትራሊያ (1994፣ 1998) እና አርጀንቲና (2002፣ 2010) ተካፍለውታል። በወንዶቹ ዋንጫው ከእጅ እጅ ሲዞር በሴቶቹ አንድ አገር ይዞት ቆየ፤ ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን በቀለም ብትለዩአቸው ያለ ጽሑፍም ይታያል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ርዕሱ ላይ «የሜዳ ሆኪ» በሉ። «ሆኪ» ብቻ ሲባል በበረዶ ላይ የሚሸራተቱትን የሚያስብ ብዙ ነው፤ ከኢንተርኔት ፎቶ ሲወርድም ሁለቱ ይደባለቃሉ። የራስ ቁር የደፋና የበረዶ ጫማ ያደረገ ተጫዋች ካያችሁ የኛው አይደለም።

ፊሽካ

ስለ ሜዳውና ስለ ዱላው ልጻፍ።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ። ሙሉ ሜዳ 91.40 በ55 ሜትር ነው፤ ግቡ 3.66 ሜትር ይሰፋል፣ 2.14 ሜትር ይረዝማል። ዲ የሚባለው የመምቻ ክልል ከግቡ 14.63 ሜትር ነው። ቁጥሮቹ እንዲህ የተሰባበሩት ሕጉ መጀመሪያ በያርድ ስለተጻፈ ነው፤ 100፣ 60፣ 4 እና 16 ያርድ። ሰሌዳው ላይ ሁለቱንም ጻፉ፣ ልጆች በቀላሉ ይይዙታል።

ለማሳያው ግን ሙሉ ሜዳ አታስምሩ። በደረቅ አፈር ላይ 11 ለ 11 ማጫወት አቧራና ሩጫ ብቻ ነው። የእግር ኳሱን ሜዳ ግማሽ ውሰዱ፣ በየቡድኑ 7 ልጅ። አንደኛው ግብ የእግር ኳሱ ግብ ይሁን፤ ሁለተኛውን በመሐል መስመሩ ላይ በሁለት እንጨት ትከሉ።

እዚህ ላይ ቸር የሆነ አጋጣሚ አለ። የእግር ኳስ ግብ ስፋቱ 7.32 ሜትር ነው፤ ለሁለት ሲከፈል ልክ 3.66 ይመጣል። ከአግዳሚው መሐል ወፍራም ገመድ አውርዳችሁ ታቹን በችካል ከመሬት ጋር እሰሩት፣ አንዱን ግማሽ በጨርቅ ወይም በመረብ ዝጉ። ችካሉ ከላላ ገመዱ ኳስ ሲነካው ይርቃል፤ «ገባ፣ አልገባም» ክርክር ይነሣል። ከፍታው 30 ሳንቲሜትር ስለሚተርፍ በ2.14 ላይ ቀይ ጨርቅ በአግድም እሰሩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ግቡን እንዲህ ስትቆርጡት መሐሉ ከእግር ኳሱ መሐል 1.83 ሜትር ወደ ጎን ይሸሻል። ዲውን የምትለኩት ከቋሚውና ከገመዱ እንጂ ከድሮው የፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ አይደለም።

ማዕዘኑን በዓይን አትገምቱ። ከጥጉ በአንዱ መስመር 9 ሜትር፣ በሌላው 12 ሜትር ምልክት አድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል 15 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ካልመጣ አንዱን መስመር ጎትታችሁ አስተካክሉ።

ዲው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከግቡ መሐል አንድ ግማሽ ክብ ሲስል ነው። ዲ አንድ ክብ አይደለም። ከግራው ቋሚ አንድ ሩብ ክብ፣ ከቀኙ አንድ ሩብ ክብ ይሳላል፤ ሁለቱን ከግቡ ፊት ለፊት 3.66 ሜትር ቀጥ ያለ መስመር ያገናኛቸዋል። ለትንሹ ሜዳችሁ በ14.63 ፈንታ 10 ሜትር ይበቃል፤ ሙሉውን ከወሰዳችሁ ሁለቱ ዲዎች መሐል የሚቀረው መሬት በጣም ያንሳል። ናይሎን ገመድ ሲወጠር ይለጠጣል፤ 10 ሜትሩን ወጥራችሁ ለኩ፣ ወይም የቃጫ ገመድ ተጠቀሙ። የእግር ኳሱ የ16.50 ሜትር ሳጥን መስመር ካልጠፋ ልጆቹ እሱን ዲ አድርገው ይመታሉ፤ አፈር አልብሱት።

ኖራው በውኃ የጠፋና የደረቀ ይሁን። ያልጠፋ ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ ሆኪ ላይ ደግሞ ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሮጠው። ካልተገኘ የተነፋ አመድ ይሻላል። መስመሩ የሚያልፍበትን መሬት አስቀድማችሁ ውኃ ብትረጩት ዱቄቱ ይይዛል፣ ንፋስ አይወስደውም። መላ ሜዳውን ደግሞ በዋዜማው ማታ አርከፍክፉት። ጠዋት ካጠጣችሁት ጥቁሩ አፈር ጫማ ላይ ይለጠፋል። ጠጠሩን በተለይ ዲው ውስጥ በእጅ ልቀሙ፤ ኳስ ወደ ፊት የሚዘለው ከእዚያ ነው።

ኳስ። የሆኪ ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን ድፍን ነገር ነው፤ ዙሪያው ከ224 እስከ 235 ሚሊሜትር። በጠጠር ሜዳ ላይ፣ መከላከያ በሌላቸው ልጆች መካከል፣ እሱን አታስገቡ። የእንጨት ሩርም እንዲሁ። በዚያው ዙሪያ የተሰፋ፣ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት የቆዳ ሩር ሥሩ።

ዱላ። ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። የገና ዱላ ዙሪያውን ክብ ስለሆነ በፈለጉት በኩል ይመታል። የሆኪ ዱላ የሚመታው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ ቆልማማው ጫፍ ወደ ፊት ዞሮ ሲያዝ በግራ በኩል ያለው ጠፍጣፋ ፊት። በጀርባው መምታት ጥፋት ነው። ለግራ እጅ ሰው የሚሠራ ዱላ የለም፤ ሁሉም ግራ እጁን ከላይ፣ ቀኙን ከታች አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ የወይራም ይሁን የክትክታ ዱላችሁን፣ ደርቆ ካበቃ በኋላ፣ የቆልማማውን ግራ ፊት 4 ሳንቲሜትር ያህል ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ጥረቡት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ጀርባውን ቀይ ቀቡት። ቀዩ ኳስ ሲነካ ከሩቅ ይታያል፣ ዳኛው አይቸገርም። እርጥብ እንጨት ከጠረባችሁ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥሩ መዳፍ ይገባል። ሕጉ ከ105 ሳንቲሜትር የረዘመና ከ737 ግራም የከበደ ዱላ አይፈቅድም፤ ውፍረቱም ውስጡ 51 ሚሊሜትር በሆነ ቀለበት ማለፍ አለበት። ወፍራም ካርቶን ላይ 51 ሚሊሜትር ቀዳዳ ቅደዱና ዱላዎቹን አንድ በአንድ አሳልፉ። ብዙ የገና ዱላ ቀዳዳው ውስጥ የሚቀረቀረው ቆልማማው ጋ ሲደርስ ነው።

ከገና የሚመጡ ልጆች በብዛት የሚሠሩት ጥፋት አራት ዓይነት ነው። ከሩቅ መትተው ጎል ይላሉ፤ አጥቂ ዲው ውስጥ ካልነካው ጎል አይባልም። ኳሱን በእግር ያቆማሉ። የሌላውን ዱላ በዱላ ይመታሉ። ከዲው ውጭ ሆነው ኳስ በምት አየር ላይ ያነሣሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ሆኪ ላይ ግን አረንጓዴ ካርድ 2 ደቂቃ፣ ቢጫ ቢያንስ 5 ደቂቃ ያስወጣል፣ ቀይ ጨርሶ ያሰናብታል። ይህን ለልጆቹ ከዋዜማው ንገሯቸው፣ ሜዳ ላይ የሚያስኮርፈው ያልሰሙት ሕግ ነው።

ፔናሊቲ ኮርነር ካሳያችሁ፦ በሙሉ ሜዳ አቀባዩ ከቋሚው 10 ሜትር ላይ፣ በእናንተ ትንሽ ዲ ግን 7 ሜትር ላይ ይቆማል። ተከላካዮቹ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ እስከ አምስት ሆነው ከግቡ መስመር ኋላ ናቸው፤ ለሰባት ልጅ ሦስት ይበቃል። ኳሱ ከዲው ሳይወጣ ወደ ግብ አይመታም። ተመትቶ የሚላከው የመጀመሪያ ኳስ የግቡን መስመር ሲያልፍ ከ460 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ጎል አይደለም። የግቡ ጀርባ ላይ በዚሁ ልክ 46 ሳንቲሜትር ጣውላ አቁሙ። ኳሱ ጣውላውን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ለዳኛውም ለተመልካቹም ጎል መሆኑን ይነግራል። እናንተ ዘንድ ግብ ጠባቂው መከላከያ ስለሌለው ከጣውላው በላይ የሚሄድ ምት በሙሉ ይከልከል፣ ተጎትቶ የሚወረወረውም ቢሆን።

ማራኪ ዳገት

ፊሽካ፣ እጅህን ይባርከው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ማሳያው አቻ ቢያልቅ በምን ይለያል? በዓለም ዋንጫውስ በምን ሲለይ ነው የኖረው?

ሩር አሳዳጅ

በሦስት መንገድ ተለይቷል። የ1973ቱ ፍጻሜ፣ ኔዘርላንድስና ህንድ 2 ለ 2፣ በፔናሊቲ ስትሮክ (መቺው ከግብ ጠባቂው ጋር ብቻ የሚፋጠጥበት የፍጹም ቅጣት ምት) 4 ለ 2 አለቀ። የ1994ቱም፣ ፓኪስታንና ኔዘርላንድስ 1 ለ 1፣ በዚያው መንገድ 4 ለ 3፤ ግብ ጠባቂው መንሱር አህመድ አዳነ። በ1998 ኡትሬክት ላይ ኔዘርላንድስ ስፔንን 3 ለ 2 የረታችው በጭማሪ ሰዓት ቀድሞ ያገባ ያሸንፍ በሚለው ሕግ ነው። አሁን ያለው ሹት አውት ነው፦ አጥቂው ከ23 ሜትር መስመር ኳሱን ይዞ ከግብ ጠባቂው ጋር ብቻ ይፋጠጣል፣ በ8 ሴኮንድ ውስጥ ማግባት አለበት፤ በየወገኑ አምስት ሰው። የ2018 እና የ2023 ፍጻሜዎች እንዲህ ነው ያለቁት፤ ቤልጅየም ኔዘርላንድስን 3 ለ 2፣ ጀርመን ቤልጅየምን 5 ለ 4።

የ2018ቱን፣ ቡባነሽዋር ላይ የሆነውን፣ ለልጆቹ ንገሯቸው፤ የእግርን ሕግ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። ቤልጅየማዊው አርተር ደ ስሎቨር አገባ፤ ቤልጅየሞች ዋንጫውን አገኘን ብለው እየሮጡ ተቃቀፉ። በቪዲዮ ሲታይ ኳሱ እግሩን ነክቷል። ጎሉ ተሰረዘ፣ ደስታቸውን አቋርጠው ወደ መስመሩ ተመለሱ፤ ቀጥሎ ፍሎረንት ቫን ኦበል አገባ፣ የኔዘርላንድሱ የሩን ኸርትዝበርገር ሳተ።

ለማሳያችሁ ስትሮክ አትጠቀሙ፤ መከላከያ የሌለው ልጅ ፊት ቆሞ ከ6.40 ሜትር መወርወር ያስፈራል። ሹት አውቱን ያዙ። ሜዳችሁ አጭር ስለሆነ መነሻው 15 ሜትር ይሁን፣ 8 ሴኮንዱ ግን አይቀነስ፤ በአፈር ላይ ኳስ መቆጣጠር ጊዜ ይወስዳል። ሰዓቱን የሚይዘው ከግቡ ዳኛ ሌላ ሰው ይሁን፣ ፊሽካውም የተለየ ድምፅ ያለው። አንድ ሰው ሰዓትና ኳስ እኩል ካየ፣ ስምንተኛው ሴኮንድ ላይ የገባችው ኳስ ላይ መጨቃጨቃችሁ አይቀርም።

ፊሽካ

ልክ ነው። በዚህ ላይ ለግብ ጠባቂው የሚታዘዘውን ጨምሩ፦ ፊሽካው ሲነፋ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ አጥቂው ይምጣ፣ ዱላውን መሬት ላይ አስተኝቶ። እዚያው መስመሩ ላይ ከቆመ አጥቂው ያሻውን ጥግ ይመርጣል። ሲወጣ ግን በእግሩ ተንሸራትቶ እንዳይወድቅ፤ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ የሚያምረው መንሸራተት በጠጠር ላይ ጉልበት ይልጣል። ረጅም ሱሪ አልብሱት፣ ከውስጥ ጉልበቱ ላይ የታጠፈ ስፖንጅ እሰሩለት።

ማራኪ ዳገት

ስፖንጁ ተመዝግቧል። የተስተካከለው ረቂቅ ይኸው፦ «ሐሳቡ የፓኪስታን፣ ሜዳው የባርሴሎና፤ ጥቅምት 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971)። አሸናፊ ፓኪስታን፣ አራተኛ ኬንያ።» ከሥሩ ሁለቱ ሰንጠረዦች፣ በመሐላቸው ዋንጫው።

አንገረብ ማዶ

«አራተኛ ኬንያ» የሚለውን በሌላ ቀለም አድርጉት።